ቀጥ ብላ ሄዳ የማታውቀው ጀልባ

ሚያዝያ 9

ለማከብርዎ ለጋሼ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? እኔ ደህና ነኝ። ልጄም ደህና ናት፤ ሥራ በዝቶባት ከእኔ ጋር የምትጨቃጨቅበት ጊዜ ስላጣች ብቻ ትንሽ ከስታለች። ለእርስዎ ረጅም ዕድሜና ሙሉ ጤና እንዲሰጥልኝ ሁልጊዜ እለምናለሁ፤ የእኔ ልመና እንደ እርስዎ ጸሎት መንገዱን ባያውቀውም።

በስልክ ያልነገርኩዎት ምክንያት አለኝ። እህቴ እትዬ ካረፈች ወዲህ ስልክ ላይ እርስዎም «ደህና ነህ?»፣ እኔም «ደህና ነኝ» እንላለን፤ ከዚያ በኋላ ሁለታችንም የስልኩን ትንፋሽ ነው የምናዳምጠው። ወረቀት ይሻላል። ወረቀት ዝም ቢልም አያሳፍርም።

መቸኮሌን ያውቁታልና ቀጥታ ወደ ነገሬ ልግባ። ጋሼ፣ ጀልባዋን እየሠራኋት ነው! የትኛዋን እንዳይሉኝ። እርስዎ ሞተረኛ የነበሩባትን፣ እህቴ በዚያች ጠባብ መስኮት ትኬት ትቆርጥባት የነበረችውን፣ እኔ በልጅነቴ በማዕድ ቤቷ በኩል ሾልኬ በነጻ የምሳፈርባትን! የምሠራት ግን ትንሽ አምሳያዋን ነው፤ ርዝመቷ ከክንዴ ጥቂት ይበልጣል። እዚህ በሰው አገር ከቤታችን ጀርባ መናፈሻ አለ፤ መናፈሻው ውስጥ ኩሬ አለ፤ ኩሬው ላይ ጡረተኞች እየተሰበሰቡ በሪሞት የሚነዱ ትንንሽ ጀልባዎች ያንሳፍፋሉ። መጀመሪያ ስስቅባቸው ነበር። አሁን ዝናብ ሲዘንብ ከእነሱ በፊት የማኮርፈው እኔ ነኝ።

አካሏ አልቋል። ጣሪያዋ፣ አግዳሚ ወንበሮቿ፣ የትኬት መስኮቷ ሳይቀር ተሠርቷል። የቀረኝ ዘንጓ ነው። ሞተሩ መሐል ላይ ይቀመጣል፣ ፕሮፔለሩ ከኋላዋ ውሃ ውስጥ ነው፤ ሁለቱን የሚያገናኘው በነሐስ ቱቦ ውስጥ የሚሽከረከረው ቀጭን ዘንግ ነው። እሱ ትንሽ ከጠመመ ጀልባዋ ታንቀጠቅጣለች፣ ትጮኻለች፣ ባትሪዋን ትበላለች። ደጋግሜ ሠራሁ፤ ደጋግሜ አጣመምኩ።

ምክንያቱን ልንገርዎ። ቀኝ እጄ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ሐኪሙ የበሽታውን ስም ነግሮኛል። ለልጄ «ረሳሁት» ብያታለሁ እንጂ አልረሳሁትም። እየባሰ የሚሄድ እንጂ የሚመለስ አይደለም አለኝ። ኩሬው ደግሞ ብርድ ሲገባ ውሃው ይለቀቅና ይዘጋል። የመጨረሻው የማንሳፈፊያ ቀን ጥቅምት አጋማሽ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ሪሞት ልያዝ አልያዝ አላውቅም። ከመዘጋቱ በፊት፣ በገዛ እጄ፣ አንድ ጊዜ ኩሬውን ላዞራት እፈልጋለሁ። ሌላ ነገር አልፈልግም።

ዘንግ ከሱቅ ይገዛል፤ አውቃለሁ። ግን ሞተሯን የያዙት እርስዎ ነበሩ። ዘንጓ ከእርስዎ ካልመጣ የሌላ ሰው ጀልባ ትሆንብኛለች።

እምቢ አይሉኝም ብዬ ነው የጻፍኩት።

ታናሽዎ ችኩሌ


ግንቦት 3

ለወንድሜ ለችኩሌ፣

ያለህበትን ቤት ሰላም ይሙላው፤ እጅህንም የፈጠራት ራሱ ይያዝልህ። እኔ ተመስገን ነው። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል እንጂ ሜዳ ላይ ጨዋ ነው።

ደብዳቤህን ፖስታ ቤቱ በር ላይ ቆሜ አነበብኩት። መነጽሬን ቤት ረስቼ ነበርና ወረቀቱን ክንዴ እስከደረሰ ድረስ አርቄ ነው የያዝኩት። «ጀልባዋን እየሠራኋት ነው» የሚለው ጋ ስደርስ ሳላውቀው ጮኼ ኖሯል፤ ጥበቃው ሮጦ መጣ።

«አባት፣ ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ። ጀልባ ልሠራ ነው።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና «አይዞዎት» አለኝ። ምን እንደመሰለው እግዚአብሔር ይወቅ።

አንድ ነገር ልንገርህ። ብረት የምቀርጽበትን ቶርኖ እህትህ ካረፈች ወዲህ አልነካሁትም ነበር። በአንሶላ ሸፍኜዋለሁ። ሰው ሥራ ይዞ ሲመጣ «ማሽኑ ተበላሽቷል» እላለሁ፤ ማሽኑ ምንም አልሆነም። የእጅህን ነገር ሳነብ አዘንኩ፤ እውነቱን ልናገርና ሐዘኑ ገና ወንበር ሳይዝ ደስታው ገፍቶት ገባ። ይህ አስጨነቀኝ። ወንድሜ ታምሞ፣ ሚስቴ አፈር ውስጥ ሆና፣ እኔ በመጫወቻ እንዲህ የምፈነድቀው ምን ዓይነት ሰው ሆኜ ነው? አልኩ። ጠዋት ስጸልይም ጠየቅሁ። ጸሎቴን ስጨርስ ግን እግሬ ወዴት እንደወሰደኝ ታውቃለህ? አንሶላውን ገለጥኩት።

አሁን በደንብ ስማኝ። ልኩን በቁጥር እንዳትጽፍልኝ። እህትህ ለመጋረጃ ልክ ስትልክህ መስኮቱን ትተህ በሩን ለክተህ የመጣኸውን እኔም አልረሳሁት፣ መጋረጃውም አልረሳው። ከዚያ ወዲህ አይደል እህትህ «ለችኩሌ ሜትር አትስጡት፤ ክር ስጡት» ያለችው? ስለዚህ ክር ያዝ። የሚለጠጥ ክር አይሁን። ከሞተሩ አፍ እስከ ፕሮፔለሩ ወጥረህ ሁለቱን ጫፍ ቋጥርና ላክ። ለቱቦው ሌላ ክር።

ደግሞ አታሳምራት። ያቺ ጀልባ ቀጥ ብላ ሄዳ አታውቅም። መሪዋ ልል ስለነበር ካፒቴኑ ወደ ቀኝ ሲላት ትንሽ አሰብ ታደርግና ነበር ወደ ቀኝ የምትለው፤ ከዚያ ታበዛዋለች፤ ከዚያ ወደ ግራ። ዳር የተቀመጠ ሁሉ ይረጥባል። ከመሳፈሪያው ስንነሳ እህትህ ራሷን በመስኮቷ አውጥታ «ያዙ! ልትጨፍር ነው!» ትል የነበረው ለዚህ ነው። እኔ ታች ሞተሩ ጋ ሆኜ ምንም አይታየኝም፤ በእሷ ድምፅ ነበር መነሳታችንን የማውቀው።

ክሩን ቶሎ። ይኸው እኔም ቸኮልኩ።

ወንድምህ


ሰኔ 6

ለማከብርዎ ለጋሼ፣

ደብዳቤዎን ሳነብ እንደሳቅሁት ከሳቅሁ ቆይቻለሁ፤ ሰላምታዬ እንደ ሳቄ የበዛ ይሁንልዎ።

ክሮቹ እነሆ። ቀዩ የዘንጉ፣ ነጩ የቱቦው። ቋጠሮው ጫፍ ላይ የተደራረበው ስላላወቅሁበት አይደለም፤ እጄ አንድ ጊዜ መቋጠር ከጀመረ ማቆም አይወድም። የመጀመሪያውን ቋጠሮ ይቁጠሩ፤ የቀረው ጌጥ ነው።

የኩሬውን ሰዎች ላስተዋውቅዎ፤ አንዱን ካወቁ ይበቃል። ጺሙ እለዋለሁ፤ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ጺሙ እስከ ደረቱ ይወርዳል። የእሱ ጀልባ በተሰመረ መስመር ላይ የምትሄድ ነው የሚመስለው። የሌላው ትንሽ ካወላገደ «ወንድሜ፣ ጀልባህ ጠጥታለች?» ይላል። ሁሉም ይስቃል። እኔም እስቃለሁ፤ ሪሞት ስለማልይዝ።

ጋሼ፣ እርስዎ «ቀጥ ብላ ሄዳ አታውቅም» ይሉኛል፤ እኔን ግን የሚያስፈራኝ እሱ ነው። እጄን እዚህ ማንም አላየውም። ኪሴ ውስጥ ነው የማስቀምጠው። የመጨረሻው ቀን ላይ ግን ሪሞት በኪስ አይነዳ። ቢያንስ ዘንጉ ቀጥ ይበልልኝ።

ችኩሌ


ሐምሌ 2

ለወንድሜ ለችኩሌ፣

ሰላም ከአንተና ከልጅህ አይራቅ። እኔ አልታመምኩም፣ አላረጀሁም፣ አልደከመኝም! ዘንጉ አልቋል!

ብረቱን ከየት አገኘሁት መሰለህ? ዕቃ ከሚጠግነው ጎረቤቴ ዘንድ የተጣለ ፎቶ ኮፒ ማሽን ነበር። ሆዱ ውስጥ ወረቀት የሚያንከባልልበት ቀጭን የማይዝግ ዘንግ አለ፤ እንደ ሻማ የቀና። ጎረቤቴን «ይህን ስጠኝ» ስለው «ምን ሊያደርግልዎ ነው?» አለኝ። «ለጀልባ።» «የት ያለ ጀልባ?» «ገና የሚነሳ።» ከዚያ ወዲያ ባለፍኩ ቁጥር «ካፒቴን፣ መቼ ነው ጉዞው?» እያለ ያላግጥብኛል። ያላግጥ። ደስ ይለኛል።

በአንተ ክር ቆረጥኩት። የመስኮት መስታወት ጠረጴዛ ላይ አስተኝቼ ዘንጉን በላዩ አንከባለልኩት፤ ጠማማ ከሆነ በሥሩ ብርሃን ብልጭ ይላል። ብልጭ አላለም። ጫፉ ላይ ለፕሮፔለሩ ጥርስ አወጣሁለት። ከዚያ የነሐሱን ቱቦ፣ በሁለቱ አፎቹ ደግሞ ዘንጉን የሚይዙትን ሁለት ትንንሽ የነሐስ ቀለበቶች። ቀለበቶቹን ሠርቼ መዳፌ ላይ ሳያቸው እጄ ለካ አልረሳም! ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ።

ስለ ውሃው ምንም አታስብ። እዚያች ጀልባ ውስጥ ስንት ዘመን ተቀምጬ ያዳመጥኩት ውሃ ሲገባ ነው። ስለዚህ የጥጥ ገመድ በወፍራም ግራሶ ነክሬ በዘንጉ ዙሪያ ጠቀጠቅሁት፣ በላዩ ላይ ትንሽ ብሎን አጠበቅሁበት፤ ልክ በትልቋ ላይ እንደማደርገው። ቀለበቶቹንም ጥብቅ አደረግኋቸው። አንዲት ጠብታ አታልፍም። በጣትህ ስታዞረው ጠንከር ይልብሃል። ጥንካሬው ከጥሩነቱ ነው።

ዛሬ ፖስታ ቤት አስገባሁት። ጥበቃው ጥቅሉን አይቶ «አባት፣ ጀልባው ይኼ ነው?» አለኝ። «የጀልባው ወገብ ነው» አልኩት።

ሲደርስህ ወዲያው ጻፍልኝ።

ወንድምህ


ነሐሴ 14

ለወንድሜ ለችኩሌ፣

ደህንነትህን የሚያሰማኝ ይሁን። ጥቅሉ አልደረሰህም እንዴ? ፖስታ ቤቱ ደርሷል ይላል። ደርሶ ከሆነ ዝምታህ የምን ነው? እጅህ ባሰብህ? መጻፍ ካቃተህ አንድ መስመር ብቻ ጻፍ፤ ጠማማም ቢሆን አነበዋለሁ።

በጸሎቴ ያንተን ስም ሳነሳ ሐሳቤ ወደ ዘንጉ ይሄድብኛል፤ ስለ ዘንጉ ሳስብ ደግሞ ወደ አንተ። አሁንስ ሁለታችሁንም በአንድ ላይ አነሳችኋለሁ።

ወንድምህ


ነሐሴ 28

ለተከበሩ አጎቴ፣

እንደምን ሰንብተዋል? የምጽፍልዎት እኔ የወንድምዎ ልጅ ነኝ። ፊደሌ እንደ ዶሮ ጭረት ቢሆንብዎ ይቅር ይበሉኝ፤ የተማርኩት ከአክስቴ ደብዳቤዎች ላይ ነው።

አባዬ አልታመመም። ተደብቆ ነው። እውነቱን እኔ ልንገርዎ። ዘንጉ በደህና ደረሰ። አባዬ ገልብጦ ገለባብጦ ሲያየው ዋለ፣ ጎረቤት ሁሉ ጠርቶ አሳየ። ከዚያ ገጠመው፣ ባትሪውን አገናኘ፣ ሞተሩ «እንንን» አለ፣ አልዞረም፣ ጨሰ። ቤቱ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። ዘንጉ ለሞተሩ በጣም ጥብቅ ነው። አባዬ የተቃጠለውን ሞተር ጥሎ ሌላ ገዛ፣ ዘንጉን አጥቦ ከጠረጴዛው በላይ ምስማር ላይ ሰቀለው፤ «ቀለሙ ስላልደረቀ ነው» እያለ እስከ ዛሬ ይዋሸኛል። «ለአጎቴ ጻፍለት» ስለው «የጋሼ ሥራ አልሠራም ብዬ ልጻፍ? ከእትዬ ወዲህ መጀመሪያ የነኩት ሥራ?» አለኝ። ከዚያ ወጥቶ ሄደ።

(ይኸው አሁን ተመልሶ ገባ። ከኋላዬ ቆሟል።)

(«ምንድን ነው የምትጽፊው?» ይላል። «ለአጎቴ ነው» አልኩት። «ቅደጂው» ይላል። አልቀድም።)

ጺሙ የሚባለውን ሰውዬ እኔ ቤት ጠራሁት። ዘንጉን በጣቱ አዞረውና «ይህ ድንቅ ሥራ ነው፤ ግን የመርከብ ነው» አለ። ከዚያ ጀልባዋን መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ አንሳፈፋትና አሳየን። ቱቦው ሲገባ ጋደም ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፤ በውስጥ በኩል ያለው አፉ ከውሃው ወለል ከፍ ይላል። ውሃው ቱቦው ውስጥ ቢገባም ከኩሬው በላይ መውጣት አይችልም፤ ስለዚህ ጀልባዋ ውስጥ አይፈስም። ገመዱ አያስፈልግም፤ ጥቂት ቀላል ግራሶ ይበቃል። ዘንጉም እፍ ሲሉት መዞር አለበት።

(አባዬ «እፍ ሲሉት አላለም፤ በጣት መታ ሲያደርጉት ነው ያለው» ይላል።)

(አሁን ደግሞ «ጋሼን እንዳትሰድቢብኝ» ይላል። ማን ሰደበ?)

አጎቴ፣ ገመዱን አውጥተነዋል፤ ቀለበቶቹ ግን አሁንም ያንቃሉ። ጺሙ «ከሱቅ ልግዛልህ» አለው፤ አባዬ እምቢ አለ። የመጨረሻው ቀን ጥቅምት አሥራ አምስት ነው። ይደርስልን ይሆን?

(«በቃ አሁን ስጪኝ፣ እኔ ልፈርም» ብሎ ብዕሩን ነጠቀኝ።)

ጋሼ ይቅርታዎን። ችኩሌ


መስከረም 8

ለወንድሜና ለጎበዟ ልጁ፣

ቤታችሁን ሳቅ ይሙላው፤ የእኔን እንደሞላው!

የመርከብ ነው አለ? ልክ ነው! እኔ ሞኝ! ደብዳቤውን አንብቤ ገንዳ የለኝምና ባልዲ ውሃ ሞላሁ፣ የተረፈኝን ቁራጭ ቱቦ አጋድሜ ነከርኩት፤ ውሃው እውነትም ከባልዲው ውሃ እኩል ሲሆን ቆመ። አንድ ጣት እንኳ አልጨመረም። ያን ሁሉ ዘመን ስጠቀጥቅ የኖርኩት ትልቋ ቱቦዋ ከውሃ በታች ስለነበር ነው፤ ትንሿ ግን የውስጥ አፏ ከውሃ በላይ ነው። ውሃ የማይገባባትን ያነቅኋት እኔ ነኝ። ለጺሙ ሰላምታዬን አድርሱልኝ፤ «ጀልባህ ጠጥታለች» ማለቱንም ለጊዜው ይቅር ብዬዋለሁ።

አሁን ወደ ሥራው። አዲስ ቀለበቶች ሠራሁ። ነሐስ ፍለጋ ቤቱን ሳተራምስ ዓይኔ የማዕድ ቤቱ በር ላይ አረፈ። ችኩሌ፣ ያ በሩ እንዳይዘጋ እህትህ የምታስደግፍበት ከባድ ክብ ነሐስ ትዝ ይልሃል? አንተ እግርህን መትቶህ የረገምከው? እሱ የትልቋ ጀልባ የዘንጓ ቀለበት ነው። ጀልባዋ ስትፈርስ ያረጀውን አንስቼ መጣሁ፤ እህትህ «ከሞተርህ ይህን ብቻ ነው ያመጣህልኝ?» ብላ በር ማስደገፊያ አደረገችው። ብዙ አሰብኩ። መቁረጥ ከበደኝ። ከዚያ እሷ ብትኖር ምን ትለኛለች ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። «በር ለማስደገፍ ድንጋይ አጣህ?» ነበር የምትለኝ። በብረት መቆንጠጫው በሞርሳው ላይ አስሬ ከጠርዙ በኩል ቆረጥኩ። ከውጭ ጥቁር ነበር፤ ሲቆረጥ ውስጡ እንደ አዲስ ቢጫ ሆኖ ወጣ። ትንሽ ጊዜ ቆሜ አየሁት።

ስለዚህ ትንሿ ጀልባ የምትዞረው ትልቋ በዞረችበት ነሐስ ውስጥ ነው።

ከተረፈኝ ብረት እንደ ፊተኛው ሌላ ዘንግ ቆርጬ ቀለበቶቹ ውስጥ ከተትኩና በጣቴ መታ አደረግሁት። ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረ፤ አሁን ይቆማል ስል አሁንም ዞረ። እጄን አፌ ላይ ጭኜ ቀረሁ።

ስትገጥሙት፦ የሞተሩ አፍና ዘንጉ ፊት ለፊት ይተያዩ፤ አንዱ ከአንዱ ዘንበል እንዳይል። ከማጣበቃችሁ በፊት ሞተሩን በቀስታ አስነሱና ጆሮ አስጠጉ። እንደ ንብ ካንዘመዘመ ልክ ነው፤ ካንኳኳ አሁንም ጠማማ ነውና ሞተሩን በቀጭን ካርቶን ከፍ ዝቅ አድርጉት። ማጣበቂያው እስኪደርቅ ችኩሌ አይነካ። ልጄ፣ ጠብቂው።

ይደርሳል። በጸሎት ይዤዋለሁ፤ በፈጣን ፖስታም ልኬዋለሁ። ሁለቱም ያስፈልጋል።

ወንድምህ


ጥቅምት 17

ለማከብርዎ ለጋሼ፣

ዛሬ ሰላምታው ይቅርብኝ፤ አልችልም! ጽሕፈቴን ይታገሱኝ፤ ራሴ ነኝ የምጽፈው፤ ልጄ «ስጠኝ» ብትለኝም አልሰጠኋትም።

ሄደች ጋሼ! ሄደች!

ዘንጉ በጊዜ ደረሰ። ልጄ ጆሮዋን አስጠግታ «አንኳኳ» አለችኝ፤ ካርቶን ጨመርን፤ «አሁንም አንኳኳ»፤ ካርቶን ቀነስን፤ ከዚያ አዳመጠችና ፊቷ በራ። ንብ! እውነተኛ ንብ! ማጣበቂያው እስኪደርቅ ከክፍሉ አስወጥታ በሩን ቆለፈችብኝ። በእርስዎ ትእዛዝ ነው አለችኝ።

በመጨረሻው ቀን ኩሬው ዳር ሰው ሞልቷል። ሪሞቱን ከኪሴ አወጣሁት፤ እጄም አብሮ ወጣ። ያን ቀን ደግሞ ብሶበት ነበር፤ ሪሞቱ እንደ ወፍ ይርገፈገፋል። ጺሙ አየው። ጠጋ ብሎ በቀስታ «ልያዝልህ?» አለኝ። ልሰጠው እጄን ዘረጋሁ። እግዜር ያሳይዎት፣ ልሰጠው ነበር።

ያን ጊዜ የእርስዎ ደብዳቤ ትዝ አለኝ። ቀጥ ብላ ሄዳ አታውቅም ያሉት።

«አይ» አልኩት፤ «ይህች የእኛ ናት።» ጣቴን መሪው ላይ አደረግሁ። ከዳር ስትነሳ እጄ ወደ ቀኝ ተንቀጠቀጠ፤ እሷም ወደ ቀኝ፤ ወደ ግራ፤ እሷም ወደ ግራ፤ ሽቅብ ቁልቁል አፍንጫዋን እየነቀነቀች፣ ውሃ እየረጨች! ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ «ያዙ! ልትጨፍር ነው!» ብዬ ጮህኩ። ከልጄ በቀር ቋንቋችንን የሚያውቅ አንድ ሰው የለም፤ ግን ዳር የቆሙት ሁሉ ወደ ኋላ ዘለሉ። ልጄ ስትተረጉምላቸው ኩሬው ዳር በሳቅ ፈረሰ። ጺሙ ጺሙን ይዞ «ጠጥታለች አልልም፤ ትጨፍራለች!» አለ። ሌሎቹ ማጨብጨብ ጀመሩ፤ በምት፣ ልክ እንደሚጨፈርለት ሰው።

ኩሬውን ሙሉ አዞርኳት። በገዛ እጄ። ስትመለስ ጣሪያዋን ከፍቼ ውስጧን በጣቴ ዳበስኩ፤ ደረቅ ነው። አንዲት ጠብታ የለም። እጄን ኪሴ መክተቱን ረሳሁት፤ ማንም ግን ወደ እጄ አላየም፤ ወደ እሷ ነው።

ስሟን ጎኗ ላይ ጽፌዋለሁ፦ «እትዬ»። ልጄ የቀረጸችውን ቪዲዮ በስልክ ልካልዎታለች። ጋሼ፣ ከሁሉ በላይ የምፈልገው የእርስዎን ፍርድ ነው። እሷ ነበረች ወይስ አልነበረችም?

ችኩሌ


ኅዳር 5

ለወንድሜ ለችኩሌ፣

ይህን ያሳየኝ የተመሰገነ ይሁን፤ አንተንም ልጅህንም ይጠብቅልኝ።

ስልኬ ትንሽ ስለሆነ ፎቶ ኮፒውን ከሰጠኝ ጎረቤቴ ዘንድ ሄድኩ። በትልቁ ስክሪኑ ከፈተልኝ። እሷ ከዳር ስትነሳ፣ አፍንጫዋን ወደ ቀኝ ጥላ፣ ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ አብዝታ፣ ወደ ግራ ስትመለስ ከወንበሬ ተነሳሁ። ከዚያ ያንተ ድምፅ መጣ። «ያዙ!» ስትል እጄ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዟል። ጎረቤቴ «ካፒቴን፣ ሰው ቤት ነው ያሉት» አለኝ። ደግመህ ክፈትልኝ አልኩት። ደግሞ ከፈተልኝ። ሱቁ ውስጥ ዕቃ ሊያስጠግን የመጣ ሰው ሁሉ ቆሞ አየ፤ ሁሉም የየራሱን አጨበጨበ።

እሷ ነበረች። ፍርዴ ይህ ነው። እኔ ያቺን ጀልባ ከውጭ ስትነሳ አይቻት አላውቅም፤ ሁልጊዜ ታች ነበርኩ። የማይንቀጠቀጥ እጅ ያለው ሰው ቢነዳት ኖሮ እስከ ዛሬም አላያትም ነበር። የትኬት መስኮቷ ላይ ሰው አላስቀመጥክበትም። ደግ አደረግህ። ባዶውን ሳየው እህትህ የመልስ ዝርዝር ሳንቲም ፍለጋ አንድ አፍታ የወጣች መሰለኝ።

ከእንግዲህ የሚሆነውን ስማ። ለብርዱ ወራት ዘንጉን ከቱቦው አውጣው። በንጹሕ ጨርቅ ጥረገው፤ ፀጉር ወይም የውሃ ሣር ተጠምጥሞበት እንዳይሆን ፕሮፔለሩ ሥር እይ። ቱቦውን አድርቅ፣ ቀለል ያለ ዘይት ጥቂት ጠብ አድርግ፣ መልሰህ አስገባ። ወፍራሙን ግራሶ ለእኔ ተወው። እጅህ ይህን የማይችልበት ቀን ሲመጣ ልጅህ ታድርገው፤ አንተ አጠገቧ ተቀምጠህ ተጨቃጨቅ። በሚቀጥለው ዓመት እጅህ እንዴት እንደሚሆን አላውቅም፤ አንተም አታውቅም። ዘንጉ ግን ይዞራል። ይህን እንኳ በሙሉ አፌ ልነግርህ እችላለሁ።

ለእኔ ደግሞ አንድ ነገር አድርግልኝ። ከዚያ ከበሩ ነሐስ ለሌላ ሁለት ቀለበት የሚሆን ተርፎኛል። ቶርኖው ክፍት ነው፤ አንሶላውን እህትህ እንደምትፈልገው አጥቤ አጥፌዋለሁ። እዚህም ውሃ አለ። ጥበቃውና ጎረቤቴ አሁኑኑ «ተሳፋሪ እኛ ነን» ብለውኛል።

ስለዚህ ጀልባዋን ከአፍንጫዋ እስከ ጀርባዋ፣ ከጎን እስከ ጎን፣ የትኬት መስኮቷን ሳይቀር ለክተህ ላክልኝ። ቋጠሮው ቢበዛም ግድ የለም፤ የመጀመሪያውን እቆጥራለሁ። ክር ላክ። ቁጥር እንዳትጽፍብኝ።

ወንድምህ